ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ለምታሠሩ፦ 30-06 አክሊ፣ 280 አክሊ ወይስ 6.5-06?

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። ኮሎራዶ ያሉ ዘመዶቼና ጓደኞቼ የአደን ፈቃድ ያወጣሉ። ሁለት ሦስት ወቅት በፋብሪካ ጠመንጃ ያድናሉ። ከዚያ «በልኬ ላሠራ» የሚል ሐሳብ ይገባቸዋል። ሐሳቡ በገባ በሳምንቱ የእኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ የትኛውን ዋይልድካት ልምረጥ?» እነሱ ከሥራ ሲወጡ ባሕር ዳር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ምክር አሜሪካ ለሚኖር ሕጋዊ አዳኝ ነው፤ ዋጋው ሁሉ በዶላር ነው፣ ዓመቶቹም በፈረንጅ። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ 1177/2012 የሚመራ ሌላ ዓለም ነው። እኔም ከተመለስኩ ወዲህ የምይዘው የዓሣ መንጠቆ ብቻ ነው።

ዋይልድካት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሌላ ጥይት ቀለህ ተወስዶ አንገቱ ይጠባል ወይ ይሰፋል፣ ትከሻው ይገፋል፤ ፋብሪካ የማያውቀው ጥይት ይሆናል። አንዳንዱ ዕድለኛ ሆኖ ፋብሪካ ይገባል። ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ 22-250ን በ1965፣ 25-06ን በ1969፣ 7ሚሜ-08ን በ1980፣ 35 ዌለንን በ1988 ተቀብሏቸዋል። ከዚያ በፊት ሁሉም በየጓሮው የሚሠሩ ነበሩ። ብዙው ግን ጓሮው ውስጥ እንደቀረ ነው።

ምርጫዬን ሳልደብቅ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታሠሩ ከሆነ 30-06 አክሊን፣ ማለትም በየሱቁ ከሚገኘው 30-06 ጥይት የተሠራውን ዋይልድካት፣ አሠሩ። ልጆቹ ይስቁብኛል። «ጋሼ፣ እሱማ የሽማግሌ ጥይት ነው» ይላሉ። ይሁን። ጎጃም ያደገ ሰው ግን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥይቱ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ የቀረ ውጅግራ ያላየ ማን አለ? ጠመንጃው ጤነኛ ነው፣ ሰደፉ ያምራል፣ ቃታው ይሠራል። ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡት የ11 ሚሊሜትር ጥይት ከየት ይምጣ? የጠመንጃ ዋጋ በጥይቱ ነው።

ወደ አክሊ እንምጣ። ፒ. ኦ. አክሊ ከ1903 እስከ 1989 የኖረ ጠመንጃ ሠሪ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ትሪኒዳድ በሚገኘው ኮሌጅ ሙያውን አስተምሯል። ከዴንቨር በመኪና ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ትምህርቱ ዛሬም ይሰጣል። አክሊ የ30-06ን ቀለህ ወሰደ፣ የጎኑን መሾል ቀነሰ፣ 17.5 ዲግሪ የነበረውን ትከሻ 40 ዲግሪ አደረገው። በዚህም ቀለሁ ትንሽ ተጨማሪ ባሩድ ይይዛል። ትርፉ በሰከንድ ከ50 እስከ 100 ጫማ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ የፈለገ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላው ጥቅሙ ቀለሁ ሲተኮስ ብዙ አይለጠጥም፣ ቶሎ ቶሎ አይቆረጥም። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በአግባቡ በተቆረጠ የአክሊ ቻምበር (ጥይቱ የሚቀመጥበት የጠመንጃው ክፍል) ውስጥ የሱቅ 30-06 ጥይት በደህና ይተኮሳል። ስትተኩሱት ቀለሁ ራሱ ተነፍቶ የአክሊን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ማለትም ኋላ በባሩድና በአረር መልሳችሁ የምትሞሉትን ቀለህ እያደናችሁ ታመርታላችሁ። ሻንጣችሁ አየር መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ሚከር በመሰለች ትንሽ ከተማ ገብታችሁ 30-06 ብትጠይቁ አታጡም። ከጠጅ ቤት ብርሌ አይጠፋም እንደማለት ነው።

አሁን ሒሳብ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ የባረሉን፣ ማለትም አረሩ የሚወጣበትን ቱቦ፣ ዋጋ ብቻ ጠይቆ ይነሳል።

ጥሩ ባረል ጥሬው ከ350 እስከ 450 ዶላር ነው። ለመቁረጥ፣ ጥርስ ለማውጣትና ለመግጠም ሌላ ከ300 እስከ 400 ጨምሩ። ይህ ለሁሉም ጥይት አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቻምበሩን የሚቆርጠው መሣሪያ ሪመር ይባላል። የ30-06 አክሊ ሪመር ብዙ ጠመንጃ ሠሪ መሳቢያው ውስጥ አለው፤ ባይኖረው በ50 ዶላር አካባቢ ይከራያል። ማንም የማያውቀውን ጥይት ከመረጣችሁ ግን ሪመሩ በትእዛዝ ይሠራል። ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ወራትም ያስጠብቃል። ጥይት መልሶ ለመሙላት የሚያስፈልገው ዳይ ለተራው 30-06 ከ50 እስከ 70 ዶላር፣ ለአክሊው ከመቶ ትንሽ ከፍ ዝቅ፣ በትእዛዝ ለሚሠራው ደግሞ 200 እና 300 ነው። እንግዲህ አንድ ጥይት ሳትተኩሱ ልዩነቱ ከ300 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በብር አታባዙት፣ ያማል።

ቀለህስ? ሃያ ተራ የ30-06 ጥይት ያለበት ፓኬት ከ25 እስከ 35 ዶላር ይገኛል። አምስት ፓኬት ገዝታችሁ ስትተኩሱ መቶ የአክሊ ቀለህ አላችሁ። ያ ሁሉ ተኩስም በከንቱ አይሄድም፤ ኢላማ ትለማመዱበታላችሁ። የተኩስ ሜዳ ላይ ሰው ጥሎት የሄደ የ30-06 ቀለህ መልቀምም አለ። እኔ አላፍርም፣ ለቅሜያለሁ።

ሌላም ርካሽ መንገድ አለ። ያረጀ የ30-06 ጠመንጃ ካላችሁ አዲስ ባረል አያስፈልግም። ጠመንጃ ሠሪው ባረሉን ፈትቶ አንድ ጥርስ ያህል ወደ ኋላ ያስገባዋል፣ ከዚያ ቻምበሩን በአክሊ ሪመር ይቆርጠዋል። ከ200 ዶላር ብዙም ሳይርቅ ያልቃል።

የአክስቴን ልጅ ያቃጠለውም ይኸው ርካሽ መንገድ ነው። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ልጁ «30-06 አክሊ» ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ጠመንጃ በ850 ዶላር ገዛ። ሰደፉ ዋልነት ነው፣ ያብረቀርቃል። ሻጩም «ፋብሪካ ጥይት ይተኩሳል» አለው። እውነትም ይተኩሳል። የሠራው ሰው ግን ባረሉን ወደ ኋላ ሳያስገባ ነበር ሪመሩን የነዳው። ሥራውን አሳጠረ፣ ደሞዙን ግን አላሳጠረም። በዚህ ዓይነት ቻምበር ውስጥ የሱቅ ጥይት የሚደገፍበት ቦታ የለውም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጫወታል። ሲተኮስ ቀለሁ ከታች በኩል ይለጠጣል፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ደማቅ ቀለበት ያወጣል። ልጁ ቀለበቱን አይቷል፤ «ያምራል» ብሎ ፎቶውን ላከልኝ! ፎቶውን አይቼ አቁም ብዬ ሳልጨርስ አንዱ ቀለህ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ቻምበር ውስጥ ቀረ፣ ጋዙም ወደ ፊቱ መጣ። መነጽር ባያደርግ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠመንጃ አልነበረም። ሌላ ሠሪ ለማስተካከል 260 ዶላር ወሰደ። 850 እና 260 ደምሩ። በዚያ ገንዘብ አዲስ ባረል አስቆርጦና አስገጥሞ፣ ዳዩንም ገዝቶ፣ የጥይት ይተርፈው ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ «አክሊ» ስትገዙ ይህን አድርጉ። የተራውን 30-06 ጎ ጌጅ ይዛችሁ ሂዱ። ጎ ጌጅ ማለት የቻምበሩን ርዝመት የሚለካ ብረት ነው፤ 40 ዶላር አይሞላም። በትክክል የተሠራ የአክሊ ቻምበር ከተራው በ0.004 ኢንች ያጠረ ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው በተራው ጎ ጌጅ ላይ መዘጋት የለበትም። ከተዘጋ ጠመንጃውን መልሱና ቡናችሁን ጠጡ። ሻጩ ጌጅ አላስገባም ካለ የተተኮሰ ቀለህ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የሽቦ ጫፍ አጥፋችሁ ቀለሁ ውስጥ አስገቡና ከታች ወደ ላይ ጎትቱት። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ሽቦው ቦይ ውስጥ እንደገባ ቢያዝ ቀለሁ እየተቆረጠ ነው።

ከተፎካካሪዎቹ እውነተኛው 280 አክሊ ነው። አልዋሽም፣ ከ400 ያርድ ወዲያ ከእኔ ምርጫ ይሻላል። 7 ሚሊሜትሩ አረር ረዘም ቀጠን ያለ ነው፣ ነፋስ ብዙ አይገፋውም፣ የተኳሹንም ትከሻ ያን ያህል አይመታም። ኖዝለር የተባለው ጥይት ሠሪ ኩባንያ በ2007 በይፋ ስላስመዘገበው አሁን ዋይልድካት ነው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የፋብሪካ ጥይት አለው። ታዲያ ምን አጠላኝ? አንደኛ ዋጋው። ሃያው ጥይት ከ55 እስከ 80 ዶላር ነው። ሁለተኛ መጠባበቂያው። ሲቸግር የሚተኮሰው ተራው 280 ሬሚንግተን ነው፤ ይህ በ1957 የወጣ ጥይት ደግሞ ራሱ ብርቅ ነው። በ2020 እና በ2021 ጥይት ከየሱቁ ሲጠፋ መጀመሪያ የጠፋው እንዲህ ያለው ነው። መጠባበቂያው ራሱ መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ኖዝለር ያስመዘገበው ልክ ከድሮው የ280 አክሊ ልክ በ0.014 ኢንች ያጠረ ነው። ጠመንጃ ሠሪያችሁ አያቱ የተዉለትን ሪመር ከተጠቀመ አዲሱ የፋብሪካ ጥይት ቻምበሩ ውስጥ ይላላል። ያው የአክስቴ ልጅ ችግር በሌላ በር ይመጣል። 280 አክሊን የምትመርጡ ከሆነ በአዲሱ ልክ እንዲቆረጥ በጽሑፍ እዘዙ። «እሺ ገብቶኛል» በቂ አይደለም።

6.5-06 ቆንጆ ጥይት ነው። የ30-06ን ቀለህ አንገት ማጥበብ፣ ወይም የ25-06ን ማስፋት ነው፤ ተኩሶ መንፋት የለም። 270 ከተባለው ጥይት ቀለህ የሚሠራ ግን ርዝመቱን መቁረጥ አለበት፣ 270 ረዘም ይላልና። የሚያስፈራኝ የቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ 25-06 ይላል፣ ውስጡ ያለው 6.5 ነው። እናንተ ታውቃላችሁ። የእናንተን ሳጥን የሚከፍተው ወንድማችሁስ? ሁለት ጠመንጃ ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ሲቸግር ከሱቅ የምትገዙት ምትክም የለውም።

6 ዳሸር የተባለውን የ6 ሚሊሜትር ጥይት የሚጠይቁኝም አሉ፣ ውድድር ላይ አይተውት። ለወረቀትና ለብረት ኢላማ እጅግ ትክክለኛ ነው። አጭር ስለሆነ ግን ብዙ ካዝና ላይ በደንብ አይሄድም። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ (ትልቁ አጋዘን) ከ6 ሚሊሜትር ያላነሰ ጠመንጃና ክብደቱ ከ85 ግሬን ያላነሰ አረር ይጠይቃል፤ ዳሸር ሕጉን ያልፋል። ሕጉ ይፈቅዳል፣ እኔ አልፈቅድም።

ስለ መሸጫ ዋጋም ትንሽ ልበል፤ የመጀመሪያ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ይሸጣልና። 6.5-06 ሲሸጥ ገዢው ዳይ አለህ ወይ፣ ቀለህ አለህ ወይ እያለ ዋጋ ይሰብራል። ዳዩን በነጻ ጨምራችሁ ትሸጣላችሁ። 30-06 አክሊ ግን ዳይ ኖሮት ለማያውቅ ሰውም ይሸጣል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የሱቅ ጥይት ቢተኩስበት ምንም አይጎድልበትም፣ ከትንሽ ፍጥነት በቀር።

ለማሠራት ከወሰናችሁ መጀመሪያ ዳዩን ግዙ፣ ባረሉን ከዚያ። ባረል ተሠርቶ ዳይ ሲጠበቅ የአደን ወቅት ያልፋል። ከዚያ ሠሪውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ባረሉን ወደ ኋላ ታስገባለህ ወይ? በየትኛው ጌጅ ትለካለህ? ስትጨርስ የተኮስክበትን ቀለህ ታሳየኛለህ ወይ? ሲጠየቅ የሚቆጣ ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በመጨረሻም የጥይቱን ስም ባረሉ ላይ ሙሉውን አስቀርጹ፤ «30-06» ብቻ ሳይሆን «30-06 አክሊ» ተብሎ። ብዙዎቹ ሠሪዎች ለዚህ ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቁም።