የጠቆረ ፊት፣ ያንጸባረቀ ነጠላ፦ ለቤት ቪዲዮ ቀለም ማረሚያ የቱ ይሻላል?

የቤተሰብ ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ ሶፍትዌር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ብዙ ፊልተር አለው?» ብሎ ነው። ፊልተር የትም ሞልቷል። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጨለማውን፣ መካከለኛውንና ደማቁን የምስሉን ክፍል ለየብቻ መንካት ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ የሠራሁትን በመለኪያ ያሳየኛል ወይስ ዓይኔን ብቻ አምኜ ልቀጥል?

አንድ ክሊፕ እንውሰድ። የክርስትና ድግስ ነው፤ ቀትር ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ በስልክ የተቀረጸ። እናትየው ነጠላ ለብሳለች። ስልኩ ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃኑን ቀንሶታል፤ ስለዚህ ፊቷ ጠቁሯል። ነጠላው ደግሞ ተቀንሶም ያንጸባርቃል። ብራይትነስ ስትጨምሩ ፊቷ ይወጣል፣ የነጠላው ሽመና ግን ድራሹ ይጠፋል። ኮንትራስት ብትጨምሩማ ፊቷ ጭራሽ ይባስ ይጠቁራል። የትኛውንም ሶፍትዌር በዚህ ክሊፕ መፈተን ይቻላል።

ካፕከት ስልክ ላይ ፈተናውን ያልፋል። «ሻዶው»ን (ጨለማውን ክፍል) ትንሽ ከፍ፣ «ሃይላይት»ን (ደማቁን) ትንሽ ዝቅ፤ አለቀ። ሻዶውን ካበዛችሁት ግን ፊቷ አመድ የነካው ይመስላል፤ ያኔ ኮንትራስት በጥቂቱ መመለስ ነው። ለቲክቶክና ለቴሌግራም ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ችግሩ ሁሉን የምትፈርዱት በስልኩ ስክሪን መሆኑ ነው። የስክሪኑ ብርሃን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገው ነገር ከተከፈተ፣ ቀኑን ሙሉ ያረማችሁት ቀለም ቲቪ ላይ ሲታይ ሌላ ነው። ኤዲት ከማድረጋችሁ በፊት ሁለቱንም አጥፉ። ሌላው፣ ከካፕከት መሣሪያዎች የተወሰኑት ወርሃዊ ክፍያ ይፈልጋሉ። ብዙ ደክማችሁ ኤክስፖርት ልታደርጉ ስትሉ «ፕሮ» የሚል ነገር ሲመጣ ያበሳጫል።

ኮምፒውተር ካላችሁ ዳቪንቺ ሪዞልቭን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን ነው የሚሠራው፤ ነጻው ቅጂ ዋተርማርክ (ምስሉ ላይ የሚቀር የሶፍትዌሩ ማህተም) ሳያትም እስከ 4ኬ ጥራት ያወጣል። ቀድሞውንም የተፈጠረው ለቀለም ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ለጨለማው ሊፍት፣ ለመካከለኛው ጋማ፣ ለደማቁ ጌይን የሚባሉ ክብ መቆጣጠሪያዎች አሉት። የእናትየውን ፊት በጋማ ታነሳላችሁ፣ ነጠላውን በጌይን ታወርዳላችሁ።

ዋናው ጥቅሙ ግን መለኪያዎቹ ናቸው። ዌቭፎርሙን፣ የምስሉን ድምቀት ከታች (ጥቁር) እስከ ላይ (ነጭ) የሚያሳየውን ግራፍ፣ ክፈቱ። ነጠላው ከላይኛው መስመር ጋር ተጨፍልቆ ቀጥ ብሎ ከታየ ካሜራው ራሱ ስላቃጠለው የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም፤ ትታችሁት ፊቱ ላይ ሥሩ። ቬክተርስኮፕ የሚባለው፣ ቀለሙ ወደየት እንዳደላ የሚያሳየው ክብ መለኪያ፣ ደግሞ የቆዳ ቀለም መስመር አለው። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር፣ ፈረንጅ ሳይል የሰው ቆዳ ከዚያች መስመር አጠገብ ነው የሚያርፈው። የሚለያየው ድምቀቱ እንጂ የቀለሙ አቅጣጫ ብዙም አይደለም። ፊቱ ከመስመሩ ወደ አረንጓዴ ከሸሸ ያያችሁት በዓይናችሁ ብቻ አይደለም፤ መለኪያውም መስክሯል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዋይት ባላንስን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በጠብታዋ ምልክት ስታስተካክሉ ነጠላ ላይ ለመጫን ትቸኩላላችሁ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል፤ «ነጭ ነው» ስትሉት ምስሉ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የተቃጠለ ቦታ ላይም አትጫኑ። ግራጫ ግድግዳ ካለ እሱ ይሻላል።

የሪዞልቭ ጉዳቱ ክብደቱ ነው። 16 ጊጋ ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። 8 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ላይ ክሊፑ እየተንቀራፈፈ ትዕግስታችሁን ይጨርሰዋል። ስቱዲዮ የሚባለው ቅጂ 295 ዶላር ነው፤ አንዴ ከፍላችሁ ጨረሳችሁ። ለቤት ቪዲዮ እሱን መግዛት የሚያዋጣው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሌሊት ወይም ደብዛዛ አምፖል ስር የተቀረጸ ነገር ካበዛችሁ። ጨለማ ስታነሱ ጉንዳን የሚመስለው ነጠብጣብ አብሮ ይነሳል፤ ማጥፊያው ደግሞ ያለው ስቱዲዮ ላይ ነው።

አዶቤ ፕሪሚየር ሉሜትሪ የሚባለው የቀለም ክፍሉ ከ2015 ጀምሮ አለ፤ በጣም ጥሩ ነው፣ መለኪያዎቹም አሉት። ግን በዓመት ውል በወር 23 ዶላር አካባቢ ያስከፍላል። በ13ኛው ወር ከሪዞልቭ ስቱዲዮ ዋጋ ታልፋላችሁ፣ ክፍያው ሲቆም ሶፍትዌሩም ይቆማል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የዶላር ካርድ ጣጣ አለ። አሜሪካ ያለችውን አክስት በየወሩ «ካርድሽን» ማለት ያሳፍራል። የሪዞልቭን ቁልፍ አንዴ ገዝታ ቁጥሩን ብትልክ ይበቃል፤ ሁለት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ለሥራ ቀድሞ ፕሪሚየር የሚከፍል ሰው ብቻ እዚያው ይቆይ።

ፊልሞራ ለመልመድ ቀላል ነው። በነጻ ስታወጡ ግን ዋተርማርክ ያትምባችኋል። ለቀለም ብላችሁ ከሆነ ለእሱ የምትከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም። ማክ ላይ ያለው አይሙቪ ነጻ ነው፤ ለቀላል እርማት ይሆናል፣ መለኪያ ግን የለውም።

ላፕቶፑ ያረጀበት ሰው ሾትከትን ያውርድ። መልኩ አያምርም። ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ዋተርማርክ የለውም፣ ዌቭፎርምና ቬክተርስኮፕ አለው፣ ጨለማና ደማቁን የሚለዩ ክብ መቆጣጠሪያዎችም አሉት። ከሚከፈልባቸው አንዳንዶቹ እሱ ጋ አይደርሱም።

ምንም ብትመርጡ አይፎን 12 እና ከዚያ ወዲህ የወጡትን የያዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልኩ በኤችዲአር፣ ማለትም ከተለመደው የሰፋ የብርሃንና የቀለም ክልል ባለው ዓይነት፣ ይቀርጻል። ያ ክሊፕ ተራ ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ ፊቱ የነደደ ወይም ቀለሙ የታጠበ ይመስላል፤ ሰው ሶፍትዌሩን ይራገማል። ሪዞልቭም አዲሶቹ ፕሪሚየሮችም ማስተካከያ አላቸው። ቀላሉ መንገድ ግን ከመቅረጽ በፊት ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ የቪዲዮ መቅረጫ ውስጥ ገብቶ ኤችዲአሩን ማጥፋት ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካላችሁ ክሊፕ ሁሉ የከፋውን መርጣችሁ በሪዞልቭና በሾትከት ሞክሩት። ፕሪሚየርም የ7 ቀን ሙከራ አለው፤ ካርድ ስለሚቀበል ግን በስድስተኛው ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።