ትራምፔቴን ያቃኑልኝ የጅማው ባትላሜራ

ሰርግ ልንጫወት ስንሄድ ትራምፔቴ ከባጃጅ ላይ ወደቀ። ሰፊው አፉ በአንድ በኩል ታጠፈ። የማስተካከያው ቱቦ መታጠፊያው ላይ ሰረጎደ። ማውዝፒሱም (አፍ የሚገጥምበት ጫፍ) ተቀርቅሮ አልወጣ አለ።

አዲስ አበባ ብጠይቅ 4,000 ብርና ሦስት ሳምንት አሉኝ። «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የናስ ባንድ በ1924 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ መቶ ዓመት አለፈ፤ ክፍለ ሀገር ላለን ግን ጠጋኝ ማግኘት ዛሬም ዕድል ነው። የባንዳችን ትሮምቦን ተጫዋች እዚሁ ጅማ አጂፕ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ፣ የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃኑ፣ ጋ ወሰደኝ። ፈራሁ። ናስ እንደ መኪና በር አይደለም። ደጋግመው ሲቀጠቅጡት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ጋሼ መጀመሪያ መዶሻ አላነሱም። ማውዝፒሱን በፒንሳ ልጎትት ስል እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ ቱቦው ይጠመዘዝብሃል።» ዘይት ጠብ አደረጉበትና ሻይ ጠጣን። ከዛ በእንጨት እጀታ ዙሪያውን ነካ ነካ ሲያደርጉት ወለቅ አለ።

ልቤን የገዛው ግን የቱቦው ሥራ ነው። ከአሮጌ ኩሽኔታ ያወጧቸው የብረት ድቡልቡሎች አሏቸው፤ በቆርቆሮ ውስጥ፣ በየመጠናቸው። ቱቦውን ነቀሉና አንዱን ከተቱ። ከኋላው ትንሽ ጨምረው ሲያንገጫግጩት ትንሹ ትልቁን እየገፋ ጉድጓዱ ሥር አደረሰው። ከውስጥ ድቡልቡሉ ደግፎ፣ ከውጭ ቆዳ በለበሰ የእንጨት መዶሻ ዳር ዳሩን መታ መታ። ከዛ ትንሽ የሚበልጠውን። በየመሀሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ያሳልፉበታል።

ሁለተኛው ፒስተን፣ በጣት የሚጫነው፣ ያዝ ያደርግ ነበር። «እሱን አልነካም። የፒስተን ቤት በፀጉር ታህል ከተዛባ እኔ አልመልሰውም» አሉኝ። ሥራውን እንቢ ያሉት እዚህ ላይ ነው፤ ይበልጥ ያመንኳቸውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቀን፣ 900 ብር። የተላቀቀውን ድጋፍ በስታኞ ሲበይዱት ቀለሙ የአውራ ጣት ያህል ጠቁሯል። አፉም ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ትንሽ ሞገድ ይታያል። ድምፁ ግን ተመልሷል፤ ታች ሲወርድ ይንቀጠቀጥ የነበረው አሁን ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ በሌላ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሳክስፎን ያላችሁ ግን አትልፉ፣ ፓድ (የቀዳዳዎቹን መክደኛ ልባስ) አይቀይሩም።