ኮምቦልቻ ላይ ያበላኝ፣ ደሴ ላይ ያስለቀሰኝ፦ የወለል መፋቂያ ማሽኔ ከ11 ወር በኋላ

ማሽኑን ባለፈው ጥቅምት ከመርካቶ ገዛሁት። ቻይና የተሠራ፣ ባለ 2.2 ኪሎ ዋት፣ በተራው የቤት መስመር (ሲንግል ፌዝ) የሚሠራ የኮንክሪት መፋቂያ ነው። ስሙን አትጠይቁኝ። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሁለተኛው ወር ተልጦ ጠፍቷል። ወለል ሊፍቅ የመጣ ማሽን መጀመሪያ የፋቀው የራሱን ስም ነው።

ሥራዬ ወለል በኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ በሚደርቅ ጠንካራ ቀለም፣ መቀባት ነው። መጋዘን፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ብቻ የሲሚንቶ ወለል ያለው ሁሉ ደንበኛዬ ነው። ሦስት ነን፤ እኔና ሁለት ልጆች። ከማሽኑ በፊት ተንበርክከን በእጅ ግራይንደር ነበር የምንፍቀው። 40 ካሬ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ወገባችንን ይዘን ሳምንት እንሰነብታለን። አሁን 40 ካሬውን ከጠዋት እስከ ምሳ እንጨርሰዋለን፤ ያውም ቆመን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የማሽኑን ኃጢአት ስለማወራ ነው፤ ጽድቁም ይቆጠርለት ብዬ።

ደንበኛ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ቀለም ነው። «መፋቁ ለምን ያስከፍላል? ጠርገህ አትቀባውም?» ይለኛል። ሊሾ ሲለሰን ላዩ ላይ ስስ የሲሚንቶ ልጥ ይቀራል። ያ ልጥ ካልተነሳ ኢፖክሲው የሚይዘው ልጡን እንጂ ወለሉን አይደለም። ዕቃ የጫነ ጋሪ ሲጎተትበት ሁለቱም ተያይዘው ይነሳሉ። ማሽን ሳይኖረኝ አንድ ሱቅ ጠርጌ ብቻ ቀብቼ ነበር። በሦስተኛው ወር እንደ ድንች ልጣጭ ተነሳ። ባለቤቱ ልጣጩን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ገንዘቡን መለስኩ።

ወደ ማሽኑ። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ መብራት ነው። ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ከቆጣሪው እስከምንሠራበት ቤት 50 ሜትር ነበር። እጄ ላይ ባለው ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ቀጭን ገመድ ስቤ አስነሳሁት። ማሽኑ ያጓራል እንጂ አይዞርም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ተቃጠለ። ሞተር የሚጠቀልል ወዳጄ ሊያይልኝ መጣና ማሽኑን ሳይሆን ገመዱን ዳሰሰ። ገመዱ እንደ ምጣድ ግሏል። «አንተ ገመድ ነው ወይስ ካውያ የዘረጋኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሒሳቡን እዚያው ሠራልኝ። ማሽኑ 14 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 1.5 ገመድ 50 ሜትር ሲሆን 17 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ወፈር ያለው ባለ 4 ቢሆን ስድስት ሰባት ቮልት ነው። መስመሩ ራሱ የደከመ ቀን ሲሆን ደግሞ አስቡት። ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ከረንት እየሳበ ይግላል። አሁን ሶኬቱን በቴስተር ሳልለካ ማሽኑን ከመኪና አላወርድም። ከ200 ቮልት በታች ካሳየ እስኪሻሻል ቡና እንጠጣለን።

ጀነሬተር ተከራይ ትሉኝ ይሆናል። ተከራይቻለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጀነሬተር ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ 3 ኪሎ ዋቱን ይዤ ሄጄ ማሽኑ ሊነሳ ሲል ድፍት አለ። አሁን ከ6 ኪሎ ዋት በታች አልከራይም።

ከሁሉም በላይ ገንዘቤን የበላው ግን ጥርሱ ነው። ከማሽኑ ሥር የሚታሰሩት የአልማዝ ጥርሶች ናቸው ወለሉን የሚነክሱት። ሻጩ አንድ ዓይነት ሰጥቶኝ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። አይሆንም! ጥርሱ የአልማዝ ብናኝ ከብረት ጋር ተጋግሮ ነው የሚሠራው። ብረቱ እየተበላ ሲሄድ አዲስ አልማዝ ከውስጥ ብቅ ይላል። ጠንካራ ኮንክሪት ብረቱን አይበላውም፤ ስለዚህ ለጠንካራ ወለል የሚሆነው ለስላሳ ጥርስ ነው። አሸዋው ለሚረግፍ ደካማ ወለል ደግሞ ጠንካራ ጥርስ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የቆየ ቤት ነበር፤ ሊሾው በጥፍር ሲጫር ይረግፋል። «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ ለስላሳውን ጥርስ አሰርኩ። 60 ካሬ ሳይሞላ ሙሉ ጥርሱ አለቀ፤ የቀረው ጥርሱ የተበየደበት ሳህን ብቻ። በሌላ ወር ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ያዝን። ወለሉ «ሄሊኮፕተር» በሚባለው የሲሚንቶ ማለስለሻ ማሽን የተለሰነ፣ እንደ መስታወት የጠነከረ ነው። እዚያ ደግሞ ብልጥ ሆኜ ጠንካራውን አሰርኩ። ማሽኑ ይዞራል፣ ወለሉ አይነካም። ጥርሱን ገልብጬ ሳየው ሟልጦ ያብለጨልጫል። ከልጆቹ አንዱ፣ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ አንድ አካፋ አሸዋ በትነን እሱ ላይ እናስኪደው አለ። ሞከርነው። አሸዋው ብረቱን ፋቀውና አልማዙ ተከፈተ፤ ማሽኑ እንደገና መንከስ ጀመረ። ለዚያ ቀን አዳነን። ለዘለቄታው ግን ለስላሳና ጠንካራ ሁለት ሙሉ ጥርስ በመኪናዬ ውስጥ አለ።

አቧራው ሌላ ጉድ ነው። ማሽኑ ለቫኪዩም (አቧራ መሳቢያ) የሚሆን ቀዳዳ አለው፤ ቫኪዩም ግን የለውም። የመጀመሪያ ቀን ፊታችንን በሻሽ ጠቅልለን ገባን። ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን ነበር የምንመስለው፤ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ። ተሳሳቅን። የሚያስቅ ግን አልነበረም። አሸዋና ጠጠር ውስጥ ያለው ሲሊካ ሲፈጭ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ሳንባ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው አይድንም። ሻሽም የጨርቅ ማስክም አይመልሱትም። ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራውን ኤን 95 ማስክና የኢንዱስትሪ ቫኪዩም ገዛሁ። መካከል ላይ የቤት ቫኪዩም ሞክሬ ማጣሪያው ወዲያው ታፍኖ ሞተሩን ይዞት ሄደ። ውሃ እያፈሰሱ መፋቅም ይቻላል። አቧራ የለውም፤ ጭቃ ግን አለው፤ ወለሉም እስኪደርቅ ቀናት ትጠብቃላችሁ።

ማሽኑ የማይረዳኝ ቦታም አለ። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ ግን ሌላ አገር ነው የምትገቡት። ነሐሴ ላይ ደሴ አንድ ፋርማሲ አሳምረን ፍቀን ማምሻውን ቀባን። ሌሊት ጉሙ ወረደ፣ ቅዝቃዜው ገባ። ጠዋት ወለሉ ነጣ ብሎ እጅ ላይ የሚጣበቅ ላብ አውጥቷል። በሞቀ ውሃ አጥበን፣ በሸካራ ወረቀት አሽተን፣ እንደገና ቀባን። ትርፉ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ላይ ደሴ ማምሻ አልቀባም። ኮምቦልቻ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ ቀትር ላይ ኢፖክሲውን ከማጠንከሪያው (ሃርደነሩ) ጋር ቀላቅለን ሳንጨርስ «ቡና ደርሷል» ተባልን። ስንመለስ ባልዲው ይጨሳል፤ ውስጡ ድንጋይ። አሁን ቡናም ቢደርስ የተቀላቀለውን ወለል ላይ ሳላፈስ አልነሳም።

ማሽኑን የወደድኩት ግን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጡ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት፣ የዓመታት ዘይት የጠጣ ወለል። ዘይት ላይ በቀጥታ ብትፍቁ ዘይቱን ትቀቡታላችሁ እንጂ አታነሱትም። ሁለት ቀን በሳሙናና በሞቀ ውሃ አሸን፣ ከዚያ ፋቅን። ባለቤቱ ሐጂ ወንበር ስበው ሲያዩን ዋሉ። ስንጨርስ በጣቴ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ቆመ።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ዘይቱ አለ ማለት ነው፣ ሐጂ። ይታገሱን፣ እንደግመዋለን።»

«አብሽር፣ እኔ ምን ቸኮልኩ!»

ደገምነው። በማግስቱ ጠብ ሳደርግ ውሃው ወለሉ ውስጥ ስምጥ አለ፤ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀረ። ሐጂ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው እየዞሩ በየጥጉ ጠብ ጠብ ያደርጉ ጀመር። የተቀባው ከስድስት ወር በፊት ነው፤ እስካሁን አልተነሳም። እሳቸውም ሰው በመጣ ቁጥር ያንን የውሃውን ነገር ያወራሉ። ሦስት ሥራ አምጥተውልኛል።

ጥገናውን በተመለከተ ቺንጋ አንዴ፣ ካፓሲተር አንዴ ቀይሬያለሁ። ኩሽኔታው ሰሞኑን መጮህ ጀምሯል። ሁሉም ደሴ ውስጥ ይገኛል፤ ጥርሱን ግን አሁንም ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ክብደቱ ከ80 ኪሎ ስለሚያልፍ ለሁለት ሰው መኪና ላይ መጫኑ ከባድ ነው፤ እጀታው ባይታጠፍ ኖሮ ጭነት ባጃጅም ላይ አይገባም ነበር።

እንደገና ብገዛ? ይህንኑ እገዛለሁ። ግን ለማሽኑ ብቻ ገንዘብ ይዤ አልሄድም። ቫኪዩም፣ ባለ 4 ገመድ፣ ሁለት ዓይነት ጥርስ በአንድ ቀን እገዛለሁ። እኔ አንድ በአንድ፣ እየተቀጣሁ ነው የገዛኋቸው። አሁን ኩሽኔታውን ልለውጥ እየወጣሁ ነው፤ ሰኞ ዳቦ ቤት አለብን።