የተቆላ ገብስ ዱቄት ለሯጭ፦ 3 ወር ጠጥቼ ያየሁት

የምሮጠው ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። ለዓመታት ቡና ሳልጠጣ ወይም ካፌይን ያለበት ጄል (ሯጮች የሚወስዱት ወፍራም፣ ጣፋጭ ፈሳሽ) ሳልወስድ ከቤት አልወጣም ነበር። ሩጫው ደህና ይሄዳል። ጣጣው ሌሊት ይመጣል። ሰውነቴ ደክሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ብዙ ሰው ላይ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና፣ 5 ሰዓት ላይ ጋደም ስል ግማሹ ገና አብሮኝ አለ ማለት ነው። ያልተኛ ሯጭ ደግሞ በማግስቱ እግሩ አይታዘዝለትም።

ለግማሽ ማራቶን መዘጋጀት ስጀምር ይህን ነገር ማስተካከል ነበረብኝ። የገዛሁት የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ፓኬቱ ላይ በትልቁ «ከካፌይን ነፃ የኃይል መጠጥ» ይላል። ከኋላ ስታዩት ያለው ንጥረ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ገብስ። ስኳር የለም፣ ማጣፈጫ የለም። ይህ ወዲያው ወደድኩት።

«ኃይል» የሚለው ቃል ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ካፌይን ራሱ ነዳጅ አይደለም። አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል የድካም መልእክተኛ አለ። ካፌይን የእሱን ቦታ ይይዝና ድካሙ እንዳይሰማን ያደርጋል። ጡንቻ የሚያቃጥለው በዋናነት ካርቦሃይድሬትና ስብ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ካርቦሃይድሬቱ ያመዝናል። ከ100 ግራም የገብስ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ የፓኬቱ ጽሑፍ ውሸት አይደለም። ሆኖም ጠጥታችሁ እንደ ቡና «ንቅት» ማለትን ከጠበቃችሁ አታገኙትም።

እኔ 40 ግራም በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ እበጠብጣለሁ። መጀመሪያ በትንሽ ውኃ አሽቼ እንደ ሊጥ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ አቀጥነዋለሁ። ዱቄቱን ሙሉ ውኃ ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፤ ጓጉሉ ደግሞ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ጣዕሙ ቆንጆ ነው። የቆሎ ሽታ አለው፣ መጨረሻ ላይ በጣም ትንሽ መራራ። የተቆላ ስለሆነ ማፍላት አያስፈልገውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛው ራስ ምታት ነው። ይሄ የገብሱ ጥፋት አይደለም። የለመደ ሰው ቡና በአንዴ ሲያቆም የሚመጣ ነው፤ እኔን በስድስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ሁለተኛው ግን የራሱ የመጠጡ ጉዳይ ነው። ልሮጥ 30 ደቂቃ ሲቀረኝ ጠጣሁ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ ተነፍቶ፣ ጎኔን ወግቶኝ ቆምኩ። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አላቸው። ይህ ፋይበር ውኃ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ምግቡም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ነው፣ ቶሎ አይርበውም። ለሚሮጥ ሰው ግን ሰዓቱን ማወቅ ግድ ነው።

ከዚያ ወዲህ 2 ሰዓት ቀድሜ እጠጣለሁ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ይመጣብኝ የነበረው መፍረክረክ ቀርቷል። ሆዴ ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እተኛለሁ። ማታ ሮጦ 4 ሰዓት ላይ ያለ ጭንቀት መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የማታ ሯጮች ይገባችኋል።

በሩጫ መሃል ለመጠጣት ግን አልመክረውም። 18 ኪሎ ሜትር በሮጥኩበት ቀን በጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ዱቄቱ ከታች ዘቀጠ፣ የጠጣሁት ከላይ ያለውን ውኃ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንሮጥ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እንድንወስድ ይመከራል፤ ያን ያህል በዚህ ዱቄት ለመሙላት መሞከር ሆድን ማስቸገር ነው። ለዚያ የሚሻለው ብቅል ነው። ገብስ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች፣ ብቅሉ ሳይፈላ በሞቀ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይቀይሩታል። ያን አጥልዬ ስይዝ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ በራሱ ጣፋጭ ሆኖ አገኘሁት። ስኳር ሳይጨመርበት ማለት ነው።

ጨውም አይርሳ። ዱቄቱ ሶዲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ላብ ደግሞ ይዞት ይወጣል። በሞቃት ቀን አንድ ቁንጥር ጨው እጨምራለሁ፣ ጣዕሙንም ያሳምረዋል። ገብስ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ስላለው ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበት ሰው ፈጽሞ እንዳይነካው። የብረት ኪኒን የምትወስዱም ከሆነ ከዚህ ጋር አብራችሁ አትዋጡ፤ እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

አንድ ጓደኛዬ የገብስ ሻይ ገዝቶ «ምንም ለውጥ የለውም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይኖረውም። ሻዩ የተቆላ ገብስ ተነክሮ የሚወጣ ውኃ ነው። ካፌይን የለውም፣ ግን ካሎሪም የለውም ማለት ይቻላል። ነዳጁ ያለው እህሉ ውስጥ ስለሆነ ዱቄቱ ራሱ መጠጣት አለበት።

ፈጣን ልምምድ በማደርግባቸው ቀናት የቡናው ግፊት እንደቀረብኝ አልክድም። ካፌይን ብቃት ይጨምራል፤ ስፖርተኞች ላይ ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጥቷል። ውድድር ጠዋት ስለሆነ ለዚያ ቀን ቡናዬን አስቀምጫለሁ። ሌላው ቀን የገብስ ነው።

ቅር ያለኝ የፓኬቱ መመሪያ ነው። «2 ማንኪያ» ይላል፣ የምን ማንኪያ እንደሆነ አይልም። በሾርባ ማንኪያ ሞልቼ ብመዝነው 2ቱ 20 ግራም ገደማ ሆነ። ለአንድ ሰዓት ሩጫ ያ አይበቃኝም። ስፖርተኛ ይጠጣው ብሎ የሚሸጥ ሰው ግራሙንና ከሩጫ ስንት ሰዓት በፊት እንደሚጠጣ ቢጽፍበት፣ እኔ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኔን ይዤ አልቆምም ነበር። ሁለተኛውን ፓኬት ግን ከፍቻለሁ።