ዘይት ውስጥ የሚኖረው ቺንጋ፦ ከ18 ወር እና ከ34,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

የዚህ ግምገማ መነሻ የፍሬን ፔዳል ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ፣ ሁለተኛው ጠንከር ያለ፣ ሦስተኛው ድንጋይ እንደ መርገጥ። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ሸራው አላለቀም፣ ሰርቮውም (የእግርን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) አየር አያስወጣም። ጥፋተኛው ፍሬኑ አካባቢ አልነበረም። ሞተሩ ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሽከረከረው፣ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ከካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚያስተሳስረው የጎማ ቺንጋ ነበር።

መኪናው ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 1.2 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። የተገዛው 62,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ፣ አሁን 96,000 አልፏል። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ዳገት አይፈራም፣ መቀመጫው ይመቻል። ሌላው ሁሉ ደህና ስለሆነ አላነሳውም።

ቺንጋ ፍሬን የሚያደነድነው እንዴት ነው? ሰርቮው እግራችንን የሚያግዘው ቫኪዩም፣ ማለትም አየር ተመጥጦ የሚፈጠር ባዶነት፣ ሲያገኝ ነው። በድሮው የቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙ ከአየር ማስገቢያው በቀላሉ ይገኝ ነበር፤ በእነዚህ ትንንሽ ቱርቦዎች ላይ ግን ስለማይበቃ በካም ሻፍቱ ጫፍ ቫኪዩም ፓምፕ ይታሰራል። ፓምፑ የሚቀባው በራሱ በሞተሩ ዘይት ነው፤ ዘይቱም ወደ ፓምፑ የሚገባው ከትንሽ ጥፍር በማትበልጥ ወንፊት አልፎ ነው። ቺንጋው ሲላጥ ፍርፋሪው ከዘይቱ ጋር ይዞርና እዚች ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ፓምፑ ይደርቃል፣ ቫኪዩሙ ይወርዳል፣ ፔዳሉ ይደነድናል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር አራት አምስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግር ስር ትንሽ ዝቅ ይላል። ካልወረደ፣ ከሰርቮው በፊት ቫኪዩም ፓምፑን መጠርጠር ነው።

ፔዳሉ ግን ወሬ ነጋሪ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ያለው ታች፣ የዘይት ቋቱ ውስጥ ነው። እዚያ የዘይት ፓምፑ ዘይት የሚስብበት አንድ ቱቦ፣ በቱቦው አፍ ላይ ደግሞ አንድ ወንፊት አለ። ከዚህ ሌላ መግቢያ የለም። ወንፊቱ በጎማ ፍርፋሪ ሲደፈን ፓምፑ ዘይት እያለ ዘይት ያጣል፤ የመለኪያ ዘንጉ ሙሉ ነው እያለ ክራንኩ በደረቁ ይዞራል። መጀመሪያ የሚጎዱት ብሮንዚናዎቹ (ክራንኩ የሚዞርባቸው ለስላሳ የብረት ንጣፎች) እና የቱርቦው ዘንግ ናቸው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ነው፤ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ፓምፑም በዝግታ ይዞራልና። ነዳጅ ሲሰጡት ቀይዋ የዘይት መብራት ትጠፋለች፣ ሰውም «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ይጽናናል። ሴንሰሩ እኮ በአብዛኛው የሚያበራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። እዚህ ከተደረሰ ያቺ መብራት መርዶ ነጋሪ ናት። ሴንሰሩን ለመውቀስ መጀመሪያ እሱን ፈትቶ፣ በቦታው በእጅ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ገጥሞ፣ ሞተሩን አሙቆ ማንበብ ያስፈልጋል። የመካኒኮች የቆየ ሚዛን በደቂቃ በየ1,000 ዙር 0.7 ባር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው ነው።

«አንድ መግቢያ ብቻ» የሚለው ነገር በማዕድን ሥራ ታሪክ ውስጥ ስም አለው። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1862 በሰሜን እንግሊዝ የሃርትሊ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ላይ ውሃ የሚስበው የእንፋሎት ሞተር ትልቁ የብረት ክንድ ተሰበረ። ክብደቱ ከ40 ቶን በላይ ነበር፤ ግማሹ ወደ ጉድጓዱ ወድቆ መግቢያውን ደፈነው። ጉድጓዱ አንድ ብቻ ነበርና 204 ወንዶችና ልጆች አለቁ። በዚያው ዓመት ማዕድን ሁሉ ሁለት መውጫ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። አንድ ሞተር ከ204 ነፍስ ጋር አይነጻጸርም፤ የስህተቱ አሠራር ግን ያው ነው። ሊሰበር የሚችለውን ነገር ከብቸኛው መተላለፊያ በላይ ሰቅሎ፣ አይሰበርም ብሎ መተው።

ቺንጋው ለምን ይላጣል? ጎማው ዘይት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ዘይትም ይችላል። የማይችለው ቤንዚን ነው። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭ ሞተር ውስጥ፣ በተለይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ረጅም መንገድ ከተሄደ ዘይቱ ይግልና ቤንዚኑ ተንኖ ይወጣል። ሦስት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሚቆም መኪና ግን ያንን ሙቀት አያገኝም፤ የውሃው ጌጅ መሃል ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ እያለ ነው። ቤንዚኑ እየተጠራቀመ ጎማውን ያሳብጠዋል። ያበጠ ቺንጋ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ጠርዙ ከመምሪያው ጋር ይፋተጋል፣ ጀርባው ይሰነጣጠቃል፣ ጥርሶቹን የሸፈነው ጨርቅ ይላጣል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ከውጭ የሚታይ ምልክት ቢኖር የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ማለቱና ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱ ነው። ዘይት አልጎደለም ብሎ የሚደሰት ባለቤት ቢሸተው ይሻላል። ደረጃው ያልሆነ ዘይት መቅዳትም ያንኑ ያመጣል፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ዘይት ሁሉ ለዚህ ጎማ አይስማማም፤ መመሪያው ላይ ያለው የደረጃ ኮድ ከጣሳው ጀርባ ፊደል በፊደል መገኘት አለበት።

ሻጩ እዚህ ጋ የሚለው ይታወቃል፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ቺንጋ እኮ 10 ዓመት ነው። ሞተሩ እስካለ ይኖራል።» የመጨረሻው እውነት ነው፤ ቺንጋው ሲሞት ሞተሩም አብሮ ስለሚሞት እኩል ይኖራሉ። 10 ዓመት የሚለው ቁጥር የመጣው በተገቢው ዘይት፣ በጊዜው ተቀይሮ፣ ረጅም መንገድ እየተነዳ ለሚኖር ሞተር ነው። ቁጥሩ ብሮሹሩ ላይ በደማቁ፣ ቅድመ ሁኔታው በጥቃቅን ፊደል። የጥገና ጊዜን ማራዘም ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ትርፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2000 የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሲወድቅ 88 ሰዎች ሞቱ፤ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ቡሎን የሚዞርበት ዳዶ፣ ግሪስ በቅጡ ሳያገኝ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ ነበር። የቅባቱ ጊዜ በየደረጃው ተራዝሞ 8 ወር ደርሶ እንደነበር መርማሪዎቹ መዝግበዋል። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ብቻውን ሲታይ ምንም አይመስልም ነበር።

እንግዲህ ቺንጋውን ማየት። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ደግነቱ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ቺንጋው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞተሩ በረዶ ሆኖ፣ ባትሪ ተፈትቶ፣ በክራንኩ ቡሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ብቻ በእጅ ይዞራል፤ ወደ ኋላ አይዞርም። የስፋት መለኪያ አለው፤ ሁለት ጥርስ ያላት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ናት። በጥርሶቿ መካከል ቺንጋው ሳይጨናነቅ ከገባ ደህና ነው። ካልገባ አብጧል፤ የቀረው ዕድሜ አይጠየቅም። አንድ ቦታ ለክቶ መዝጋት አይበቃም፣ እያዞሩ አራት አምስት ቦታ። ጀርባውን በባትሪ መብራት ሲያዩት ደብዛዛ ጥቁር መሆን አለበት፤ አግድም የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ክር ያወጣ ከሆነ አልቆለታል።

ክዳኑ የማያሳይበት ሞተር ካለ አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ይናገራል። ቅርፊት ያለውን ፊልትሮ ዙሪያውን በብረት መጋዝ መቁረጥ የብረት ብናኝ ስለሚያስገባ ቆርቆሮ መክፈቻ የመሰለው መቁረጫ ይሻላል። ወረቀቱን አውጥቶ፣ በምላጭ ቆርጦ፣ በሞርሳ ጨምቆ እንደ አኮርዲዮን መዘርጋት ነው። በእጥፋቶቹ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ይገኛል፤ ጥያቄው ምንድን ነው የሚለው ነው። በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ የተቃጠለ ዘይት ነው፣ አያስደነግጥም። ተለጥጦ የሚመለስ፣ አንዳንዴም የክር ጭራ ያለው ከሆነ ቺንጋው ነው። የሚያብረቀርቅ ካለ ማግኔት ይጠጋበታል፦ ከሳበው ብረት ነው፤ ካልሳበው ምናልባት የብሮንዚና ገላ፣ ያኔ ወሬው ሌላ ነው።

የጎማ ፍርፋሪ ከተገኘ ደግሞ ትልቁ ስህተት «ሞተር ማጠቢያ» የሚባለውን ፈሳሽ መጨመር ነው። ፈሳሹ የተለጠፈውን ሁሉ ባንዴ ነቅሎ ወደዚያው ወንፊት ይልካል፤ ጎማውንም ራሱ ይበላል።

ቅየራው ላይ ጋራዦች የሚስቱት ብዙውን ጊዜ ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የጊዜ አያያዙ፣ ማለትም ክራንኩና ካሞቹ ተናበው የሚዞሩበት ልክ፣ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ ክራንኩን ቺንጋው ከሚታሰርበት ባለ ጥርስ መዘውር ጋር የሚያስተሳስር ቁልፍ የለም፤ የያዘው የቡሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው። ቡሎኑ ሲፈታ ሁሉም በየፊናው ይዞራል። በቀለም ምልክት አድርጎ መፍታት ከዘይት ውጭ ለሚዞረው ደረቅ ቺንጋ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን የክራንኩና የካሞቹ መቆለፊያ መሣሪያ ሳይገባ መንካት አይቻልም። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ ጥቂት ጥርስ ከሳተ ፒስተኑ ቫልቩን ያገኘዋል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። የክራንኩ ቡሎን አንዴ ከተፈታ አይመለስም፤ አዲሱ በቶርክ ሬንች ከተጠበቀ በኋላ በዲግሪ ይጨመርበታል፣ «በደንብ ጠብቋል» የሚባል መለኪያ የለም። ሲያልቅ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ መቆለፊያዎቹ እንደገና ያለ ግፊት ሲገቡ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው፣ ቺንጋውን ቀይሮ ቋቱን አለመክፈት። አዲስ ቺንጋ ታስሮ የአሮጌው ሬሳ ወንፊቱ ላይ ከቀረ ምን ተሠራ? ቋቱ ይወርዳል፣ የመሳቢያው ቱቦ ከነወንፊቱና ከነጎሚኒው ይቀየራል፤ የቫኪዩም ፓምፑ ወንፊት፣ የካሞቹን ጊዜ የሚቆጣጠሩት ሶሌኖይዶች ላይ ያሉት ጥቃቅን መረቦችም ይጸዳሉ። ሦስተኛው ሲሊኮኑ ነው። ቋቱ ሲመለስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጭን መስመር፣ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል አልፎ ይበቃዋል። እንደ ጥርስ ሳሙና ከተጨመቀ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጎርስና ይቆረጣል፤ የሚሄደው የት እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ከዚያ በጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ሳይሞላ ዘይት አይቀዳም። የመጀመሪያው ማስነሻም የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ በሞተሪኖ ብቻ ነው፣ ግፊት እስኪታይ። 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይትና ፊልትሮ እንደገና ይቀየራሉ፤ ያኛው ፊልትሮም ተቆርጦ ይታያል።

መሐንዲሶቹ ሞኞች አይደሉም። ቺንጋ ከካቴና ይልቅ ዝም ያለ ነው፣ ዘይት ውስጥ ሲሆን ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ያጥራል። በላብራቶሪ ሲታይ የነዳጅ ቁጠባው ይለካል። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆነው። ደረቅ ቺንጋ ቢሆን ሽፋኑ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተቀይሮ ያለቀ ነበር፤ ቢላጥም ፍርፋሪው መሬት ይወድቃል እንጂ የሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም። ይህ ሁሉ የጋራዥ ሥራ የመጣው ጎማና ዘይት አንድ ቤት ስለተከራዩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ኮከብ ተኩል እሰጠው ነበር፤ ፔዳሉ ለስላሳ ነበርና። ዛሬ ወንፊቱን በእጄ ይዤ፣ ከመረቡ ግማሽ በላይ በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ ሳየው ሁለት ነው። ሻጩ መጥቶ «ግን ነዳጁን አላየህም?» ቢል አይቻለሁ፤ የቆጠበው ሁሉ እዚህ ወንፊት ላይ ተለጥፏል። አልሸጠውም፤ ይህን ሁሉ አውቆ ለማያውቅ ሰው ማሳለፍ ያስነውራል። ዘይቱ በ8,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ የቀደመው፣ ይቀየራል፤ ቺንጋው መመሪያው 10 ቢልም በ5 ዓመት ይወጣል፤ አጭር መንገድ የበዛበት ሳምንት መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይነዳል። የስፋት መለኪያዋ ፕላስቲክ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ኪስ ውስጥ ተቀምጣለች።