እናቴን «አልቀባዎትም» ብላ ለመለሰቻት ፀጉር ሠሪ

አንዲት ፀጉር ሠሪ ማመስገን ፈልጌ ነው። ያውም ስለሠራችልን ሳይሆን እናቴን «እኔ ይሄን ቀለም አልቀባዎትም» ብላ ስለመለሰቻት።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ደርሶ ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነበር። እማዬ ሽበቷን መቀባት አማራት። ጎረቤታችን ሳሪስ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ሳሎን ጠቆመችንና ሄድን። ቀለሙን ከሱቅ ገዝተን ነው የሄድነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «አሞኒያ የለውም» ይላል። ሻጩም ይህንኑ እየደጋገመ ነው የሸጠልን።

ልጅቷ ካርቶኑን ስትቀበል ፊቱ ላይ ያለችውን ቆንጆ ሴት ዞር ብላም አላየቻት። ጎኑን ገልብጣ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኳ መብራት ማንበብ ጀመረች። ጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ጥቁር ሂና ተቀብተው ያውቃሉ?»

«አዎ፣ ትልቋ ልጄ ከዱባይ ስትመጣ ቀብታኝ ነበር።»

«ታዲያ ምንም አላደረገዎትም?»

«ኧረ ተይኝ! እጄን አሳክኮኝ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ የአበባው ቅርጽ እንዳለ ቆስሎ ስንት ጊዜ ቆየ መሰለሽ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹኝ።»

ይሄኔ ካርቶኑን ዘግታ መለሰችልን። ጓንቷን ሳታጠልቅ፣ አምስት ሳንቲም ሳትቀበል።

ጣቷ የቆመው ፒፒዲ ላይ ነው። ሙሉ ስሙ ፓራፌኒሊንዳያሚን ይባላል። ጥቁርና ቡናማ በሆኑ ቋሚ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ በብዛት የሚገባ ኬሚካል ነው። እውነተኛው ሂና ከቅጠል የሚዘጋጅ ነው፤ ቀለሙም ወደ ቀይና ብርቱካናማ ያደላል። እንደኛ እንሶስላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ተቀብቶ ብዙም ሳይቆይ ድቅድቅ ያለ ጥቁር የሚሆነው «ሂና» ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተጨመረበት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፒፒዲ የሚፈቀደው ለፀጉር ማቅለሚያ ነው፤ ቆዳ ላይ ለሚቀባ ነገር አይፈቀድም። ለፀጉርም ቢሆን ተቀላቅሎ ሲቀባ መጠኑ ከ2 በመቶ ማለፍ የለበትም። ጥቁር ሂና ውስጥ ግን ከዚህ በጣም የበዛ ሊኖር ይችላል፤ የሚለካው የለም።

የቆዳ አለርጂ ደግሞ ቂመኛ ነው። እጅ ላይ የተጀመረው ከዓመታት በኋላ የፀጉር ቀለም ሲነካው ብሶበት ይነሳል። ቀለሙ የሚቀባው ራስ ላይ ነው፤ እብጠቱ ጎልቶ የሚወጣው ግን ቆዳው ስስ የሆነበት የዓይን ቆብ፣ ጆሮና ማጅራት ላይ ነው። ዓይኑ እስኪጨፈን የሚያብጥ ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመሆኑም ቀለሙን የሚጠረጥር የለም። ጥፋቱ በሽሮው፣ በፀሐዩ፣ በምቹ ይላከካል።

ስለ አሞኒያውም ያኔ ነው የገባኝ። አሞኒያ ሽታው ያፍናል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለዚህ አለርጂ ግን ዋናው ተጠያቂ እሱ አይደለም። «አሞኒያ የለውም» የሚል ካርቶን ውስጥ ፒፒዲ ሊኖር ይችላል። የእኛው ውስጥም ነበር። «ናቹራል» የሚለውም ቢሆን ማስተማመኛ አይሆንም።

ልጅቷ የቆዳ ሐኪም እንድናማክር ነገረችን፣ ሄድን። ሐኪሙ የእማዬን ታሪክ ሰምቶ «የመለሰቻችሁ ልጅ ትክክል ናት» አለ። አንድ ነገርም ጨመረልን። ፒፒዲ የማይስማማው ሰው አንዳንድ ጊዜ ቤንዞኬይን ያለባቸው ማደንዘዣ ቅባቶችም ላይስማሙት ይችላሉ። ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አስቀድማ እንድትናገር መከራት።

ሳሎኗ ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅቷ ወፍራም ደብተር አላት። ቀለም የሚቀባ ደንበኛ ሁሉ የራሱ ገጽ አለው። ከቀለሙ ካርቶን ላይ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር በመቀስ ትቆርጥና ገጹ ላይ በስቴፕለር ትመታዋለች። ከሥሩ ቀኑንና «አሳከካት»፣ «ሰላም ነው» ብላ ትጽፋለች። ኬሚስትሪ አልተማረችም። አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ እጇ እየተሰነጣጠቀ ሥራውን ስትተው አይታ ነው የጀመረችው።

አዲስ ደንበኛ ስትሄድ ቀለም የዚያኑ ዕለት አትቀባም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መመሪያ በሚለው መሠረት ትንሽ ሞክራ 48 ሰዓት ታስጠብቃለች። ከዚህ በፊት ጥቁር ሂና ወይም ቀለም አስቸግሮት የሚያውቅን ሰው ግን ሙከራውንም አትሞክርበትም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የምትሸኘው። በዚህ ምክንያት ተቆጥተው ጎን ያለው ሳሎን የሚገቡ አሉ። አንዷን እኛው ፊት «ፀጉር ልሠራ እንጂ ልመረመር መጣሁ እንዴ!» ብላ ስትወጣ አይተናል። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ኪራይ እየከፈለ የሚሠራ ሰው የመጣ ገበያ መመለስ እንዴት እንደሚከብደው የነገደ ያውቀዋል።

እማዬስ? ንጹሕ ሂና እንደ አማራጭ ቀርቦላት «በስተርጅና ቀይ ልሁንልሽ?» ብላ ሳቀችባት። በመጨረሻ ሽበቷን እንዳለ ሹሩባ ተሠራች። አልዋሽም፣ ከሙሽራዋ እኩል ፎቶ ስትነሳ ነው የዋለችው።

ጉድለቷንም ልናገር፤ ምስጋናዬ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ዋጋዋ ረከስ ያለ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ጆሮ ያደነቁራል። ቅዳሜ ከሄዳችሁ ደግሞ ወረፋው አይቻልም።

ስሟንና ስልኳን በይፋ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ሰው ከበዛ ደብተሩን መሙላት ያቅተኛል ብላ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለቀለም ከሆነ ከፕሮግራማችሁ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ካርቶኑንም እንዳትጥሉት፣ ትጠይቃችኋለች።