ቲቸርን ላመስግንላችሁ፤ ለጀርመን ቪዛ የምትንከራተቱ አንብቡት

ትናንት የእኔና የልጄ ፓስፖርት ቪዛ ተለጥፎበት እጃችን ገባ። ተመስገን ነው። ከፈጣሪ ቀጥሎ ለዚህ ቀን ያበቁኝን እናት፣ ሰነድ ተርጓሚዋን ቲቸርን፣ በአደባባይ ሳላመሰግን ከአገር ብወጣ ደስታዬ አይሞላም። እኔ የወጣሁበት ማጥ ውስጥ አሁንም ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ እባካችሁ ታገሱኝ።

ባለቤቴ ፍራንክፈርት አጠገብ አውቶቡስ ነጂ ነው። ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድም አለው። የተጋባነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ልጃችንም የተወለደው እዚሁ ነው። ልጄ አባቱን የሚያውቀው ለዕረፍት ሲመጣና በስልክ ነው። ማታ ማታ "አባዬ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?" ሲለኝ የምመልሰው ይጠፋኝ ነበር። ይህን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ትልቅ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ግድግዳው ላይ የየአገሩ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ሶፋው ያምራል፤ ሲቀበሏችሁማ ፈገግታቸው ልክ የለውም። "መቶ ፐርሰንት ያልቃል፣ አታስቢ" አሉኝ። ለቅጽ መሙያ ክፈይ ተባልኩ፣ ከፈልኩ። ለቀጠሮ ማስያዣ ተባልኩ፣ ከፈልኩ። ፋይል መክፈቻ ለሚሉት ነገርም ከፈልኩ። ያ ብር ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ እየነዳ የላከው ብር ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ነገ ዛሬ ሆነ። ስልክ አይነሳም። በአካል ስሄድ "ጉዳይሽን የያዘችው ልጅ ለቃለች" ይሉኛል። አንድ ቀን ልጄን ይዤ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በራቸው ላይ ስቆም ማንም ቁጭ በይ ያለኝ የለም። ልጄ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። መጨረሻ ላይ አንዱ ጠጋ ብሎ "የባልሽን የደመወዝ ወረቀት እኛ እናሳምረዋለን፣ ትንሽ ጨምሪበት" አለኝ። ደሜ ፈላ! ባሌ በላቡ ሠርቶ ያገኘው ንጹሕ ወረቀት እያለው ለምን ብዬ በሐሰት ሰነድ አበላሸዋለሁ? ሰነዴን ተቀብዬ ወጣሁ። ብሩን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላም አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሞክሬ ነበር፤ የእሱን እንኳ ባላወራው ይሻላል።

ቲቸርን የጠቆመችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ድሮ ጀርመንኛ ያስተምሩ ነበርና ሁሉም ሰው "ቲቸር" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ቀድሞ ትርጉም የሚሠሩት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ተነስተው አሁን አምስት ኪሎ፣ ከብሔራዊ ሙዚየም ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሶፋ የለም፤ ባንዲራ የለም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ገጹ ያለቀ መዝገበ ቃላትና የሻይ ፔርሙዝ ነው ያለው። ስገባ መጀመሪያ የተነሱት ለልጄ ወንበር ሊሰጡት ነው። እመኑኝ፣ ገና ምንም ሳይሠሩልኝ እንባዬ መጣ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር መቼም አልረሳውም። ያ ቢሮ ያስተረጎመልኝን የጋብቻ ማስረጃ ከፓስፖርቴ ጎን አስቀመጡና በእርሳስ ጫፍ እያንዳንዱን መስመር እየነኩ ማንበብ ጀመሩ። አይቸኩሉም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ። "ልጄ፣ የተወለድሽው መቼ ነው?" አሉኝ። "ጥር 9 ቀን 1985" አልኩ። ዝም ብለው አንዴ ፓስፖርቴን፣ አንዴ ትርጉሙን አዩ። ፓስፖርቴ ጃንዋሪ 17 ቀን 1993 ይላል። ትርጉሙ ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 1992 ይላል። ተርጓሚው በሁሉም ቦታ ሰባት ዓመት ነበር የጨመረው! ቲቸር እንዳስረዱኝ ከመስከረም ጀምሮ ሰባት የሚጨመረው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ወዲያ ያለው ልደት ስምንት ይጨመርበታል። የልጄ የልደት ሰርተፊኬት ትርጉም ላይም ቀኑ እንዲሁ ተበላሽቶ ነበር። ያንን ይዤ ኤምባሲ ብገባ በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ያን ያህል ገንዘብ የበላው ቢሮ ውስጥ ስንት ሰው ያን ወረቀት አገላብጦታል! አንድም ሰው አላየውም። እሳቸው ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አዩት።

ከዚያ "ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን" ብለው ተቀመጡ። መሽቶ ጥበቃው በር ሊዘጋ መጥቶ እንኳ "አንዴ ታገሰን የኔ ልጅ" ብለው ለምነው ሁለቱንም እንደገና ተረጎሙት። ያስከፈሉኝ የአንዱን ብቻ ነው። "ሌላው የሌላ ሰው ጥፋት ነው፣ አንቺ ለምን ትከፍያለሽ?" አሉኝ። ደረሰኝም ሰጡኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ሌላው የስማችን ጉዳይ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቀመጥ የባሌ ሌላ፣ የእኔ ሌላ፣ የልጃችን ደግሞ የባሌ አባት ስም ሆኖ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም አለን። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። እዚያ ግን ከልጄ ጋር ስጓዝ "የማን ልጅ ነው?" ሊሉኝ እንደሚችሉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቲቸር ያገራችንን የስም አወጣጥ በጀርመንኛ አንድ ገጽ አድርገው ጻፉልኝ፤ ከማመልከቻው ጋር አንዱን አስገባሁ። አንዱን ደግሞ "ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው" አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የማደንቅላቸው የማያስፈልገውን ነገር አያስፈልግም ማለታቸው ነው። ቅጹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚሞላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀጠሮም እንደማይሸጥ፣ የሚከፈለው የቪዛው 75 ዩሮ፣ ለልጅ ደግሞ ግማሹ 37.50 እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ አንዲት ልጅ መጣች፤ የሆነ ቦታ ለጀርመንኛ ኮርስና ለፈተና ብዙ ብር ክፈይ ተብላለች። ቲቸር የባሏን የመኖሪያ ካርድ ፎቶ በስልኳ ላይ አዩና "ባልሽ እኮ ብሉ ካርድ፣ ለተማረ ባለሙያ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለው፤ አንቺ ለቪዛው የቋንቋ ፈተና አትጠየቂም። ቋንቋውን ስትሄጂ ትማሪዋለሽ" አሏት። ከእሷ አንድ ብር ሳይቀበሉ ሸኟት። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እኔ ግን ፈተናው ነበረብኝ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የጀርመን ባህልና ቋንቋ ተቋም፣ ጎቴ ኢንስቲትዩት፣ የሚሰጠው ኤ ዋን የሚባለው የጀማሪዎች ፈተና። መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር አለው፤ ለማለፍ ከ100 60 ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁና መናገሩ በጣም አስፈርቶኝ ነበር። ቲቸር ሰነዱን እየተየቡ "ስምሽን በፊደል ቁጠሪልኝ፤ ስልክሽን በጀርመንኛ ንገሪኝ" ይሉኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም፤ ዝም ብለው ትክክለኛውን ይሉታልና እኔም እደግመዋለሁ። ፈተናው ላይ ፈታኟ ስምሽን በፊደል ቁጠሪ ስትለኝ የቲቸር ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። አለፍኩ!

ቪዛው ሲሳካ ደግሞ ሥራቸው ያለቀ መስሎኝ ነበር። "ገና ነው፣ ነይ ተቀመጪ" ብለው እዚያ ስደርስ የማደርገውን በእጃቸው ጻፉልኝ። ቤት በገባሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤታቸው ሄጄ አድራሻ ማስመዝገብ አለብኝ፤ ለዚያ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ስለሚያስፈልግ ባሌ ከአሁኑ እንዲያስፈርም አሉ። ቪዛው መግቢያ ብቻ ነውና ሳይቃጠል የውጭ ዜጎች ቢሮ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብኝ። 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር የሚያስተምር ኮርስ እንዳለም ነገሩኝ። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ለአንድ ቤት አንዴ ስለሆነ በስሜ ደብዳቤ ቢመጣ ባሌ እንደሚከፍል እንዳሳውቅ እንጂ ሁለተኛ እንዳልከፍል አስጠነቀቁኝ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ግዢ አሉኝ።

እናቶች ይህን ልብ በሉ፦ የልጃችሁን የክትባት ካርድ እንዳትጥሉ። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ኩፍኝ መከተቡን በማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ሕጉ ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ የሚሠራ ነው። የልጄ ካርድ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከድሮ ፎቶዎች ጋር ነበር። ቲቸር ባይነግሩኝ እዚያው ቀርቶ ነበር።

እናቴ ካዛንቺስ ካደገችበት ሰፈር ተነስታ አሁን ራቅ ያለ ቦታ ነው ያለችው። መሄዴ እርግጥ ሲሆን ሐዘኗን በሥራ ነው የተወጣችው። ቅቤ አነጠረች፣ ቋንጣ ዘለዘለች፣ ቤቱ በኮረሪማ ሽታ ታጠነ። ቲቸር ግን ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱታል አሉኝ። እናቴ አላመነችም። "ቅቤ ምን ያደርጋቸዋል?" ብላ አኮረፈች። እኔ ማስረዳት ሲያቅተኝ ቲቸር ራሳቸው ደወሉላት። "እትዬ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ያብዙላት፤ ቅቤው እዚህ ይቅርና የልጅዎን መንገድ እየመረቁ ይብሉት" አሏት። ሁለቱ ሴቶች ሳይተዋወቁ ብዙ ሰዓት አወሩ። ስለ ልጆቻቸው ነው ያወሩት። የቲቸርም ልጅ ውጭ አገር እንደሆነች ያወቅኩት ያን ዕለት ከእናቴ አፍ ነው።

ወገኖቼ፣ ደግሜ እለምናችኋለሁ፤ ለደላላ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እኚህ እናት ጋ ሂዱ። ቪዛ አይሸጡም፣ ቃል አይገቡም። "ውሳኔው የኤምባሲው ነው፤ የእኔ ሥራ ወረቀትሽ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው" ነው የሚሉት። ገንዘብ የሚቀበሉት ለሚተረጉሙት ገጽ ብቻ ነው። የጀርመን ጉዳይ ያላችሁ በተለይ እንዳታልፏቸው። ቲቸር፣ ይህን ካነበቡት፣ ውለታዎን ፈጣሪ በልጅዎ ይክፈልልኝ። እኔም ልጄም አንረሳዎትም።

ስልካቸው እዚህ እንዳይወጣ ስለፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛባቸዋልና ጠዋት ሂዱ። ስትሄዱ ኮፒ ብቻ ሳይሆን ዋናውን ሰነድ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ፤ ዋናውን ሳያዩ አይጀምሩም።